የምራቴ ሻወር ቤትና የጭስ ዋጋ

ምራቴ በግራ እጇ የሻወሩን ወንፊት ይዛ በቀኝ እጇ ቀዳዳዎቹን በመርፌ ትወጋለች። ውሃችን ኖራ ይበዛበታል። በእሳት ሲፈላ ኖራው ነጭ ቅርፊት ሆኖ ቀዳዳው ላይ ይጋገራል፤ ካልተወጋ ውሃው አንዱን ጆሮ እያራሰ ሌላውን ትከሻ ይረሳል። ስለዚህ በየማለዳው፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ወንፊቶቹን ጭኗ ላይ ትደረድራለች። ጣቶቿ አጫጭር ናቸው። ጥፍሯ ሥር ጥቀርሻ አለ፤ ምንም ብትፈትገው አይለቅም። የምትወጋውን ቀዳዳ አታየውም፤ የምታየው ሰማዩን ነው። ደመና ከሆነ ደንበኛ ይበዛል፣ ፀሐይ ከሆነ ይሳሳል።

"እማማ፣ ዛሬ ምን ይመስልዎታል?" ትለኛለች።

"ጉልበቴ ዝናብ ነው ይላል።"

"ጉልበትዎ ካለ አለቀ። ከቴሌቪዥኑ እሱ ይሻላል።"

ሰው ሁሉ ሚኒስትሯ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሾፌሮች ናቸው፤ ወረፋ ስታስከብር አይተው "የውሃ ሚኒስትር" አሏት፤ ቆይቶ ውሃው ተንጠባጥቦ አለቀና ሚኒስትሯ ብቻ ቀረ። እሷም ሹመቱን አልጠላችውም። "ደመወዙ ነው እንጂ የጎደለው ሥራውስ ያው ነው" ትላለች።

ያደገችው በውሃ ሸክም ነው። አባቷ፣ የሰው ቤት ሲሠራ፣ ለግንበኞች ውሃ የሚያመላልስ ሰው ነበር፤ እሷም ከጎኑ በትንሿ ጀሪካን ታመላልስ ነበር። ቀኑን ሙሉ ውሃ ተሸክማ ውላ ማታ የምትታጠብበት አይተርፋትም። ቢተርፍም ቀዝቃዛ ነው። "ሙቅ ውሃ ለታመመ ሰውና ለሚወለድ ልጅ ብቻ የተፈቀደ ይመስለኝ ነበር" ብላ አጫውታኛለች። "አንዳንዴ እንድታመም እመኝ ነበር፤ ሊያጥቡኝ።"

ልጄ አግብቷት ወደ ቤቴ ስትመጣ፣ አማት ነኝና፣ ጉድለቷን ልፈልግ ተዘጋጅቼ ነበር። በመጣች በሳምንቷ በብርድ ቀን ግቢው ውስጥ እግሬን ስታጠብ አየችኝ። ገብታ ውሃ አሙቃ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወጣች፤ ተንበርክካ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ እያሸች አጠበችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉድለቷን መፈለግ ተውኩ ብል ውሸቴን ነው። ግን እየሳሳሁ መፈለግ ጀመርኩ። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷው ናት፤ እንፋሎት ያደበዘዘው የሻወሩ ግድግዳ ሸክላ ላይ በጣቷ እየጻፈች፣ እኔ ከሥር እየደገምኩ። ፊደሉ ሳይደርቅ መድገም ነበረብኝ። ለዚህ ይሆናል ስጽፍ የምቸኩለው።

ውሃ ማሞቂያው ቦይለር ወደ ቤታችን የገባው በአጋጣሚ ነው። ልጄ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አንድ ያረጀ ሆቴል ሲዘጋ ዕቃውን እንዲያጓጉዝ ተቀጠረ፤ ባለቤቱ እጅ አጥሮት ኖሮ የኪራዩን ግማሽ በቦይለር ከፈለው። ልጄ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጠው ነበር። እሷ ከመኪናው ሲወርድ አየችው። እንደሚሸጥ ከብት ዙሪያውን ዞረችው፤ ሆዱን በእጇ መታ መታ አደረገችው።

"ይሄ ይሞቃል?" አለች።

"ይሞቅ ነበር" አላት።

"እንግዲያው አይሸጥም።"

የሆቴሉን አሮጌ የቦይለር ሠራተኛ ፈልጋ አገኘችው። እንዴት እንደሚለኮስ፣ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ መቼ እንደሚፈራ አስተማራት። መጀመሪያ በለኮሰችው ቀን እሳቱ ወደ ውጭ ተፍቶ የግራ ቅንድቧን ወሰደው። እስካሁን በቅጡ አልበቀለም፤ ስትስቅ አንድ ቅንድብ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። በጓሮ በኩል አራት ክፍል በብሎኬት ተሠራ፤ በሮቹ አረንጓዴ ተቀቡ። ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የቆርቆሮው ጭስ ማውጫ በሽቦ ታስሮ ከጣሪያው በላይ ወጣ። ሻወር ቤት ሆንን።

እኔ በማልሰማበት ቦይለሩን "አማቴ" ብላ እንደምትጠራው ካወቅሁ ቆይቻለሁ። "ዛሬ አማቴ አኩርፋለች" ትላለች ለደንበኞቿ፤ "ገና በጠዋት አብሉኝ ትላለች፤ ሲያበሏትም ታጉረመርማለች።" አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ "አማትሽ በደንብ ትሰማለች" አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔን ማየት አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን ራሴ ጀመርኳት፤ "አማትሽ ዛሬ እንዴት አደረች?" ስላት ማንቆርቆሪያውን ጥላ ሳቀች።

ደንበኞቻችን ቤታቸው ሙቅ ውሃ የሌላቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ማለት ነው። ከሁሉ የማይቀረው ሽማግሌው ተሸካሚ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ካለው የግንባታ ዕቃ መጋዘን ሲሚንቶ ሲያራግፍ ይውላል፤ የሚተኛውም እዚያው መጋዘኑ ጀርባ ነው። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ሁሉ አመድ ስለሚመስል ሲሚንቶ ይሉታል። አንዴ ዝናብ መትቶት ሲገባ ምራቴ "ቶሎ ይግቡ አባባ፣ ሳይደርቁብን!" ብላው አግዳሚው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ጭምር። ሌላው ታክሲ ነጂው ነው። የከተማውን ወሬ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚያመጣ ራዲዮ እንለዋለን። ውሃ ሥር ሆኖም አያቆምም፤ ሳሙና አፉ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው ጣቢያው የሚቋረጥ።

የጭሱን ነገር ያመጣው ራዲዮ ነው።

"ሰማችሁ? ጭስ ዋጋ ወጣለት!"

"ማን ሊገዛው?" አለ ሲሚንቶ።

"ገዢ የለውም። ያጨሰ ይከፍላል። ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ የድንጋይ ከሰል፤ ጭስ ያለው ሁሉ። የካርቦን ቀረጥ ይሉታል። ሚኒስትሯ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲወሰን አንቺ ስብሰባው ላይ አልነበርሽም?"

"ታምሜ ነበር" አለች፤ ግን አልሳቀችም። ቦይለራችን የሚጠጣው ናፍጣ ነው።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ተቀመጥን። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው ወጣት ባለሙያ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። እስከ ዛሬ ጭስን ወደ ሰማይ መልቀቅ ነፃ ነበር አለች፤ ነፃ የሆነ ነገር ደግሞ ይባክናል። አሁን ለጭሱ ዋጋ ሲወጣለት እያንዳንዱ ሰው የሚያጨሰውን የሚቀንስበትን ዘዴ ራሱ ይፈልጋል። የሚሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ ለተመዘገበ ሰው ሁሉ እኩል እኩል ይመለሳል፤ ስለዚህ ጥቂት ያጨሰ ያተርፋል።

እኔ በራሴ መንገድ ተረዳሁት። በልጅነቴ የሰፈራችን ሰው ሁሉ እጣቢውን መንገድ ላይ ነበር የሚደፋው። ለሚደፋው ምንም አያስከፍለውም። የሚደፋው ሌላ፣ የሚያዳልጠው ሌላ። አያቴ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሮ ነው የቀረችው። ያኔ አንድ ሰው በየበሩ ቆሞ "እጣቢ መድፋት ይህን ያህል ያስከፍላል" ቢል ኖሮ እናቴ ራሷ ትሰድበው ነበር። ግን ጉድጓድ ትቆፍር ነበር።

ራዲዮ ግን ተነሳ። "ዓለሙን ያጠቆሩት ሌሎች፤ ክፈሉ የምንባለው እኛ! የእኛ ጭስ እኮ ከእነሱ አጠገብ ሲቆም ዝሆን ላይ ያለች ቁንጫ ነው።"

"እውነትህን ነው" አለችው ልጅቷ። ይህን አልጠበቀም። "እነሱ ይበልጥ መክፈል አለባቸው። ግን እነሱ እስኪቀድሙ እኛ ብንጠብቅ፣ እነሱም አንዳቸው ሌላውን ሲጠብቁ፣ ባለፈው ክረምት ድልድያችሁን የወሰደው ጎርፍ ማንንም አይጠብቅም።"

"እሺ፣ እዚያ ማዶ ያለው ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካስ? ከዛሬ ጀምሮ ይከፍላል?"

ልጅቷ ወረቀቷን አየች። "ለትልልቆቹ የመዘጋጃ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።"

"አህያውን ፈርተው ዳውላውን!" አለ ራዲዮ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅቷ ወረቀቷን አጠፈች። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ እሷም ይህን ጥያቄ በሌላ ቦታ ጠይቃ መልስ ያላገኘች መሰለኝ።

ሲሚንቶ እጁን አወጣ። "የኔ ልጅ፣ እኔ የምነዳው ጀርባዬን ነው። የኔ ጭስ የቱ ነው?"

"የእርስዎ በጣም ትንሽ ነው አባባ። ተመላሹ ዋናው ለእርስዎ ነው። የቤት ቁጥርዎን ይዘው መጥተው ይመዝገቡ።"

ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "ላም አለኝ በሰማይ" አለ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ። "የቤት ቁጥር የሌለው ሰውስ?"

ምራቴ ሰማችው። በማግስቱ እጁን ይዛ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰደችው። "ይሄ ሰው ቤት አለው" አለች፤ "የሚታጠብበት ቤት የኔ ነው።" ተከራክራ ተከራክራ በሻወር ቤቱ ቁጥር አስመዘገበችው። ራዲዮ ይህን ሲሰማ "አባባ፣ እንግዲህ ደብዳቤ ሲመጣልዎ ሦስተኛው ክፍል ነው የሚደርስዎ!" አለው።

ቀረጡ ሲጀመር ናፍጣው ተወደደ፤ ምራቴም የሻወሩን ዋጋ ጨመረች። ምን ታድርግ? በየቀኑ ይመጡ የነበሩት በሳምንት ሁለቴ ሆኑ፤ ሁለቴ ይመጡ የነበሩት ለበዓል ብቻ። ራዲዮ ታክሲው ውስጥ መስኮት ከፍቶ መንዳት ጀመረ። "ለአየሩ ነው" ይላል፤ ተሳፋሪው ግን ያውቃል። ሲሚንቶ አመዱን በደረቅ ጨርቅ እያራገፈ መዋል ጀመረ፤ አንገቱ ላይ ቆዳው ተሰነጣጠቀ። አግዳሚው ባዶ ሆነ። ቦይለሩ ግን ለአንድ ሰውም ለአሥር ሰውም ያንኑ ያህል ነው የሚጠጣው። አንዱ ጠዋት ይመጣል፣ አንዷ ቀትር ላይ፣ አንዱ ማታ፤ እሷ ለእያንዳንዳቸው ትለኩሳለች፣ ታጠፋለች፣ ትለኩሳለች።

ልጄ ከመንገድ ተመልሶ ሁለት ቀን አደረ። ናፍጣውን አየ፣ አግዳሚውን አየ።

"ስልክ የሚሸጥ ሰው ቤቱን ይፈልገዋል" አለ ሻይ እየጠጣ። "በሩን ወደ መንገዱ ከፍቶ፣ ብሎኬቱን አፍርሶ። ጥሩ ኪራይ ነው።"

"ስልክ ሰው አያጥብም" አለችው።

"ኪሳራም አያጥብም።"

እኔ ብርጭቆዬን አዞርኩ። በባልና በሚስት መካከል አማት ስትገባ የሚያምርባት ዝም ስትል ብቻ ነው።

"ክረምቱ እስኪወጣ እንይ" አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም። "ከሚቀጥለው ጉዞዬ ስመለስ የናፍጣውን ወጪ የምትችዪ ከሆነ ይቆያል። ካልሆነ አከራየዋለሁ። እኔም መሪ ላይ እያደርኩ ቦይለር ልቀልብ አልችልም።"

እሷ ተነስታ ወደ ቦይለሩ ሄደች፤ ስትሄድ በመዳፏ ጀርባ ቧንቧውን ነካችው። የልጅ ግንባር ትኩሳት እንደሚለካው ነው የምትነካው። ቀዝቃዛ ነበር።

ይህን የሰማው ጎረቤታችን ጎሚስታው በማግስቱ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ የሚያመጣውን አያውቅም እንጂ።

"እህቴ፣ ምን አስጨነቀሽ? ጎማ እኮ ቀረጥ የለበትም። እኔ ጋ ተራራ አለ፤ ቆራርጠሽ ክተቺው። ከናፍጣ ይበልጥ ይነዳል።"

አንድ ቀን ጠዋት ሞከረችው። እኔ ከመኝታዬ የነቃሁት በሳል ነው። ወጥቼ ሳይ ከቆርቆሮው ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ አይመስልም፤ ጥቁር ጨርቅ ነው። ወደ ሰማይ እንኳ አልወጣም፤ ከብዶት በጣሪያው ላይ ተንከባልሎ ወደ ጎረቤት ወረደ። ገመድ ላይ የተሰጡ አንሶላዎች ነበሩ፤ የልጆች የትምህርት ቤት ሸሚዞችም። በዓይኔ ፊት ነጠብጣብ ያዙ። አፌ ውስጥ የተቃጠለ ነገር ቀመስኩ።

ምራቴ በረጅም ብረት ጎማውን ጎትታ አወጣችው፤ አሸዋ ላይ ጥላ አጠፋችው። ፊቷ ጠቁሮ ከዓይኗ ነጭ በስተቀር የሚታይ የለም። ጎሚስታው ከአጥሩ በላይ አንገቱን አወጣ።

"ምነው፣ አልነደደም?"

"በጣም ነደደ" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ ይሄ ቀረጥ የለውም እንጂ ዋጋስ አለው። የሚከፍለው ገመዱ ላይ ተሰጥቶ አየሁት።"

ያን ቀን ቦይለሩን በናፍጣ ለኩሳ የጎረቤቶቹን አንሶላና ሸሚዝ ስታጥብ ዋለች። አንድም ደንበኛ አልታጠበም።

ከዚያ በኋላ ነው ብልሃት አገኘሁ ብላ የመጣችው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ገንዳው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ለረጅም ጊዜ ይሞቃል፤ ተቀባይ አጥቶ ነው የሚቀዘቅዘው። "ይሄ ጭስ የሌለው ውሃ ነው" አለች፤ "በግማሽ ዋጋ ልሽጠው። ድሃው ይታጠባል፣ ሙቀቱም አይባክንም።" ሐሳቡ ደስ አለኝ። ጠመኔ አምጥታ ሰጠችኝና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፦ እሳት ከጠፋ በኋላ ግማሽ ዋጋ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አግዳሚው ሞላ። ምራቴ ፊቷ በራ። አንድ ቅንድቧ ከፍ አለ። ቦይለሩን ለኩሳ፣ ውሃው ሲሞቅ በሮቹን ከፈተች።

"ግቡ፣ ደርሷል!"

ማንም አልተነሳም።

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" አለ ራዲዮ፣ አጠገቡ ለነበረችው ልብስ ሰፊ።

"በሞትኩት! አንተ ደክሞህ የዋልክ፣ አንተ ቅደም።"

"ሴት እያለች? እንዴት ሆኖ!"

"ታላቅ እያለስ?" አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ ሲሚንቶ እያየች። "አባባ ይቅደሙ።"

"አባባ ይቅደሙ!" አለ አግዳሚው በአንድ ድምፅ።

ሲሚንቶ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። "ልጆቼ፣ ክብሩን በደስታ ተቀብያለሁ" አለ። "ልዩነቱን ማን ይከፍልልኛል?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰፈራችን እንደዚያ ቀን ሰው አክብሮ አያውቅም። አንዱ ለሌላው ይነሳል፤ እጅ ይነሳል፤ "እግዜር ያክብርልኝ፣ ግን አይሆንም" ይላል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። አንዱ ጫማውን ሲፈታ ሁሉ በተስፋ ያየዋል፤ ጠጠር አራግፎ መልሶ ያስረዋል። ሁሉም እሳቱ እስኪጠፋ እየጠበቀ ነው። ምራቴ ደግሞ አንድ ሰው ሳይታጠብ እሳቱን ማጥፋት አልቻለችም። ናፍጣው ነደደ። መጨረሻ ላይ ተናዳ አጠፋችው። ይሄኔ ሁሉም በአንዴ ተነሱ፤ መከባበሩም አብሮ ጠፋ። በአራት በር ላይ ተጋፉ፤ ራዲዮ ልብስ ሰፊዋን በክርኑ ገፍቶ ገባ። ገንዳው ለመጀመሪያዎቹ ብቻ በቃ። የቀሩት በቀዝቃዛ ውሃ ጮኹ፤ ሳሙና እንደተቀቡ። እሷም አዘነችላቸውና እንደገና ለኮሰች።

ያን ቀን ቦይለሩ የጠጣው ናፍጣ ቀረጡ ሳይመጣ በፊት በቀን ከሚጠጣው በለጠ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እጄን ላሳርፍባት ስል ሳቅ መሆኑን አየሁ።

"አየሽላቸው ያንን ክብር?" አልኳት።

"'ሴት እያለች እንዴት ሆኖ' ያለው እኮ ነው በክርኑ የደቆሳት!"

ስቀን ስቀን ስናበቃ፣ መርፌዋን ከቀሚሷ ነቅላ በጣቶቿ መካከል ታዞራት ጀመር።

"እነሱ አይደሉም ያጠፉት እማማ። መቅደምን ያስወደድኩት፣ መጨረሻ መሆንን ያረከስኩት እኔ ነኝ። ማን ይቀድማል? እሳቱ የጋራ ነው። ለቀደመው እዳ፣ ለዘገየው ምርቃት ለምን ይሆናል?"

የስብሰባዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። እነሱ እስኪቀድሙ እኛ ብንጠብቅ ያለችው። ምናልባት የዓለሙም ትልልቅ ሰዎች እንዲህ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው "እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ይውሉ ይሆናል። ከመካከላቸው የጠገበው ሳይነሳ፣ የእኛን ሲሚንቶ የመሰለውን ሽማግሌ አገር "አንተ ታላቅ ነህ፣ ቅደም" ይሉት ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ። የማውቀው የቤቴን አግዳሚ ነው።

ሰሌዳውን በእጇ ጠራረገችው። አዲሱን ቃል እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፦ እሳት በቀን አንዴ፣ አመሻሽ ላይ። የእሳቱን ዋጋ የመጣ ሁሉ እኩል ይካፈለዋል።

"ስለዚህ አምስት ከሆንን ለአምስት?" አለ ራዲዮ ሲያነብበው።

"ሃያ ከሆናችሁ ለሃያ።"

ራዲዮ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ታክሲው ውስጥ ገብቶ ክላክሱን እያስጮኸ ወደ ላይኛው መንገድ ነዳ። "እሳት ተለኮሰ! የሚታጠብ ኑ! ዛሬ የማይመጣ ጎረቤቱን ያስከፍላል!" ሲመለስ አምስት ሰው ጭኖ ነበር፤ ሁለቱ ፎጣ እንኳ አልያዙም፤ ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ የተጫኑ ይመስለኛል።

አሁን ማንም መጨረሻ መሆን አልፈለገም፤ የሚያተርፈው የለማ። ማንም ብቻውን መምጣት አልፈለገም። ጎሚስታው እንኳ መጣ፤ ጎማ ሳይሆን ወንድሞቹን አስከትሎ። ውስጥ የቆየ ሰው ካለ በሩ ይደበደባል፤ "ወንድሜ፣ ቆዳህንም ልታጥብ ነው እንዴ?" ይባላል። አንዳንዱ ቀን ዝናብ ይዘንብና ጥቂት ሰው ይመጣል፤ ያን ጊዜ ድርሻው ይከብዳል፤ ያጉረመርማሉ። ሕፃን ያላት እናት አመሻሹ ለልጇ ብርድ ነው ብላ ቀርታብናለች፤ ምራቴ ሙቅ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ቤቷ ድረስ ሄዳ ልጇን ታጥብላታለች። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። ጭሱ ግን በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚወጣው።

ተመላሹ ገንዘብ ዘግይቶ መጣ፤ በስልክ። ለብዙው ሰው ከጠበቀው ያነሰ፣ ከፈራው የበዛ ሆነ። ሲሚንቶም ደረሰው። አላመነም፤ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ አስነበበኝ። ካነበብኩለት በኋላ ወደ አረንጓዴዎቹ በሮች አየ። "ሚኒስትሯ፣ ባልሽ ይሄን ቤት ካከራየው እኔ አድራሻዬ የት ሊሆን ነው?" አላት። "ስልክ ሻጩ ጋ" አለችው፤ ለመቀለድ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ።

ልጄ የተመለሰው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መኪናውን አቁሞ፣ የመንገዱን ጭቃ እንደለበሰ ሲገባ ሰዓቱ አመሻሽ ነበር። አግዳሚው ሙሉ። ሚስቱን ሊጠራ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ራዲዮ እግሩን ዘርግቶ ከለከለው።

"አንተ! ወረፋ አለ።"

"ቤቴ እኮ ነው!"

"የቤቱ ባለቤት ከሆንክ ይበልጥ ትከፍላለህ። ተቀመጥ፤ አንድ ሰው ሲጨመር ለእኛም ይቀልልናል።"

ልጄ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ተቀመጠ። ሲሚንቶ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው። ተራው ደርሶ ሲገባ ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ በሩን ደበደቡበት። ሲወጣ ፊቱ ቀልቶ፣ የልጅነት መልኩን ይዞ ነበር። ድርሻውን ለሚስቱ በእጇ ሰጣት። እሷም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተቀበለችው፤ ግን አንዱ ቅንድቧ ከፍ ብሎ ነበር።

አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ናፍጣው ያለበትን በርሜል በእግሩ ነካ ነካ አደረገው፤ ሙሉነቱን ከድምፁ ሰማ።

"ስልክ ሻጩስ?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"እስከሚቀጥለው ጉዞዬ ትንሽ ይታገሥ እለዋለሁ" አለ። እንግዲህ ልጄን አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለት ሲያቅተው ነው "ትንሽ ይታገሥ" የሚለው።

ቀረጡ በየዓመቱ ይጨምራል ተብሏል። ትልቁ ፋብሪካ ገና እየተዘጋጀ ነው። ምራቴ ደግሞ ማለዳ ማለዳ ወንፊት ስትወጋ ሰማዩን በሌላ ዓይን ማየት ጀምራለች። "ልጅዎ ሲመጣ ጥቁር በርሜሎች እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ" አለችኝ፤ "ጣሪያው ላይ ፀሐይ ውሃውን ለብ ካደረገችልኝ ለአማቴ የምሰጣት ናፍጣ ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ገና ቀረጥ አልወጣም።" ራዲዮ ሰምቶ "ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!" አላት።

አሁን ይህን ላነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሽቦ ከታሰረች የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አመሻሽ ላይ ጭስ ሲወጣ ካያችሁ፣ ያ እሳት አስቀድሞ ተለኩሷል፤ እናንተ ባትመጡም ይነዳል። ፎጣችሁን ያዙ። አንድ ጎረቤት አስከትሉ። በሩ ላይ ስትደርሱ ደግሞ፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ "እርስዎ ይቅደሙ" ብላችሁ አትቁሙ። ግቡ።